“ቆሻሻ” የተባለው ክፍል እና የአባቴ ስንዴ



የጀመዓችን የሚዲያ ክፍል ወንድሞችና እህቶች “ከዲፓርትመንትህ አንድ ጽሑፍ አምጣ” ሲሉኝ ስለ ሶላር ወይም ስለ ትራንስፎርመር እንደምጽፍ ሳይጠብቁ አልቀሩም። የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝና አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ከረመዳን ወዲህ ሐሳቤን የያዘው ስንዴ ነው። በተለይ ደግሞ በስንዴና በሌሎች ሰብሎች ውስጥ ያለ፣ “ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ” የሚባል ነገር። ስሙ ያስፈራል፤ ትንሽ ብቻ ታገሱኝ።

ነገሩን ያነሳብኝ ባዮቴክኖሎጂ የሚያጠና አንድ ወንድማችን ነው። ከተራዊሕ ስንመለስ መንገድ ላይ ስለሚያነበው ጥናት ሲያወራኝ “ዋጉ እኮ ትንሽ አርኤንኤ ወደ ስንዴው ልኮ የመከላከያ ዘረመሉን ዝም ያሰኘዋል” አለኝ። ለእሱ የሴሚናር ርዕስ ነበር። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዋግ የሚለው ቃል እኛ ቤት የመጽሐፍ ቃል አይደለም።

ያደግኩት አርሲ ነው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ገና ቁርአን ቤት ገብቼ አሊፍ ባ ታ የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። በዚያ ጊዜ ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ በአገሪቱ በሰፊው ይዘራ ነበር፤ የእኛም ማሳ ኩብሳ ነበር። ቢጫ ዋግ ገባበት። ቅጠሉ ላይ በስፌት መኪና የተሰፋ ይመስል በመስመር በመስመር ቢጫ ዱቄት ይወጣል። በማሳው መካከል ያለፈ ሰው ሱሪው ላይ እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። እኛ ልጆች እየተሳሳቅን በጣታችን እናብሰው ነበር፤ አዋቂዎቹ ግን አይስቁም። በዚያ ዓመት ከማሳችን የገባው እህል ለዘርና ለቀለብ አልበቃም።

ከዚያ በኋላ ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበር፤ ሁለት ሦስት ዓመት ደስ ተባለበት። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ባሌንና አርሲን ሲመታ ግን የወደቀው ራሱ ዲገሉ ነበር። በሬ ተሸጠ። ታላቅ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጦ ሥራ ፍለጋ አዳማ ወረደ፤ እስከ ዛሬም ወደ ትምህርት አልተመለሰም። አባቴ ያን ጊዜ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ “ይህ ዘር አምና ቻለው፤ ዘንድሮ ምን ነካው?” ለግብርና ባለሙያውም፣ ለጎረቤትም፣ ለሼኻችንም ጠይቋል። “ቀደር ነው” የሚለውን መልስ ተቀብሎታል፤ ግን መጠየቁን አላቆመም።

አሁን መልሱን በከፊል አውቀዋለሁ። አብዛኞቹ “ዋግ ቻይ” የሚባሉ ዝርያዎች የቆሙት በአንድ ወይም በጥቂት ዘረመሎች ላይ ነው። (ዘረመል የምለው ፈረንጆቹ “ጂን” የሚሉትን ነው። በዚህ ጋዜጣ ላይ “ስንዴው ውስጥ ጂን አለ” ብሎ መጻፍ ስላልተመቸኝ በአማርኛው እቀጥላለሁ።) ዘረመሉ የሚሠራው ፕሮቲን እንደ በር ጥበቃ ነው። አንድ የሌባ ፎቶ ተሰጥቶታል፤ ያን ፊት ሲያይ ይጮኻል፤ ስንዴውም ዋጉ የያዘውን ሕዋስ ራሱ ገድሎ ሌባውን እዚያው ያስቀረዋል። ዋጉ ግን በነፋስ የሚበተን ቁጥር ስፍር የሌለው ዘር አለው። ከእነዚያ አንዱ መልኩን ትንሽ ቀይሮ ከመጣ ጥበቃው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ላይ የተገኘው ዩጂ99 የተባለው የግንድ ዋግ ዓለምን ያስደነገጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለብዙ ዓመታት በብዙ አገር ስንዴውን ሲጠብቅ የኖረ አንድ ዘረመል በእሱ ተሸነፈ። የእኛን ዲገሉ የመታው ሌላ ዘር ቢሆንም ታሪኩ ያው ነው።

ወንድማችን ከተራዊሕ በኋላ የነገረኝ ግን ከዚህ ይለያል። ከጥበቃው ጀርባ ስላለው ነገር ነው፤ ጥበቃው መቼ እንዲነቃ፣ መቼ እንዲተኛ ስለሚያዘው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ ሁላችንም የተማርናት አንዲት መስመር አለች፦ ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፣ አርኤንኤ ወደ ፕሮቲን ይተረጎማል። ፕሮቲኑ ሥራውን ይሠራል። እንግዲህ በዚህ ስሌት ፕሮቲን የማያወጣ ጽሑፍ ምን ይሠራል? በሰው ልጅ ዲኤንኤ ውስጥ ፕሮቲን የሚያወጣው ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። የዳቦ ስንዴ ደግሞ ከእኛ ይብሳል፤ የሰው ዲኤንኤ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ሲሆን የስንዴው ወደ 16 ቢሊዮን ነው፣ ከዚያም ውስጥ 85 ከመቶ የሚሆነው ደጋግሞ የተገለበጠ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሱሱሙ ኦኖ የሚባል ሳይንቲስት ይህን የተረፈ ክፍል “ቆሻሻ” ብሎ ጠራው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

መድረሳ የቀራችሁ ይህን በቀላሉ የምትረዱበት መንገድ አላችሁ። ሙስሓፉ ላይ ከመስመሩ በላይ ትንንሽ ፊደሎች አሉ፦ ሚም፣ ጂም፣ ላም አሊፍ። ሚም ካለ መቆም ግድ ነው፤ ላም አሊፍ ካለ አትቁም ነው፤ ጂም ካለ ብትቆምም ብትቀጥልም ይቻላል። እኛ ዘንድ አንድ አዲስ ደረሳ ሚሟን እንደ ፊደል ከቃሉ ጋር ቀላቅሎ ሲያነባት ሼኻችን “ልጄ፣ እሷ አትነበብም፤ እሷ የምታነበውን ትነግርሃለች” ያሉት አይረሳኝም። እንደ ኢማም ሰጃዋንዲ ያሉ ዑለሞች እነዚህን ምልክቶች የደነገጉት ቃል ለመጨመር አልነበረም፤ ቃሉ በትክክል እንዲነበብ ነው። ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤም በሕዋስ ውስጥ ሥራው እንዲህ ነው። እሱ ራሱ ወደ ፕሮቲን አይተረጎምም፤ የሚተረጎመውን “ቁም”፣ “ቀጥል”፣ “ቀስ በል” ይለዋል። (ምሳሌ ለመረዳት ብቻ ነው፤ የአላህን ቃል ከዲኤንኤ ጋር እያመሳሰልኩ እንዳልሆነ ይያዝልኝ።)

ይህ እንዴት ታወቀ? ታሪኩ ከሰብል ሳይሆን ከአበባ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ እነ ካሮሊን ናፖሊና ሪቻርድ ጆርገንሰን የፔቱኒያ አበባን ሐምራዊ ቀለም ለማጠንከር ብለው የቀለሙን ዘረመል ጨመሩበት። አበባው ነጭ ሆኖ ወጣ። የተጨመረው ብቻ ሳይሆን የነበረውም ጠፋ። በሌላ በኩል የእፅዋት በሽታ አጥኚዎች ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ያልገባቸው ነገር ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1928 ዊንጋርድ የተባለ ሰው ቫይረስ የያዘው ትምባሆ ታችኛው ቅጠሉ ታሞ፣ ከላይ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ግን ጤነኛ ሆኖ፣ እንዲያውም እንደገና ቢለከፍ የማይታመም ሆኖ አይቷል። ተክል ደም የለውም፣ እንደኛ ነጭ የደም ሕዋስ የለውም። ማን ነገረው?

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። አንድሩ ሃሚልተንና ዴቪድ ባውልኮም በእንግሊዝ አገር 25 ፊደል ያህል ብቻ ርዝመት ያላቸው አርኤንኤዎችን በእነዚህ ተክሎች ውስጥ አገኙ። ቫይረሱ ራሱን ሲያባዛ ድርብ የሆነ አርኤንኤ ይፈጠራል። ተክሉ ዳይሰር በሚባል ፕሮቲን ያን ድርብ ከ21 እስከ 24 ፊደል አድርጎ ይከታትፈዋል። ከቁራጮቹ አንዱን አርጎናውት የሚባል ፕሮቲን ይሸከመዋል፤ ይህ ቁራጭ የሌባው ፎቶ ነው። አርጎናውቱ በሕዋሱ ውስጥ እየዞረ ከፎቶው ጋር የሚገጥም አርኤንኤ ሲያገኝ ይቆርጠዋል። ፎቶው ደግሞ እየተባዛ በተክሉ የምግብ መተላለፊያ ወደ ላይኛው ቅጠል ይላካል። ለዚህ ነው አዲሱ ቅጠል ሌባው ሳይደርስበት ሌባውን ያወቀው። ከላይ ካልኩት አንድ ፎቶ ይዞ ከቆመው የበር ጥበቃ ጋር አስተያዩት፤ እዚህ ፎቶው የሚነሳው ሌባው ከገባ በኋላ፣ ከራሱ ከሌባው ላይ ነው።

ይህን ርዕስ በሐለቃ መሀል ባነሳሁት ጊዜ “አየህ፣ ቆሻሻ ያሉት ሁሉ ሥራ አለው፤ እኛ ድሮም እናውቀው ነበር” ያሉኝ ወንድሞች ነበሩ። አላህ በከንቱ እንደማይፈጥር እኔም አምናለሁ። ከዚህ እምነት ተነስቶ ግን የስንዴው 16 ቢሊዮን ፊደል እያንዳንዱ ሥራው ታውቋል ማለት አይቻልም፤ ሳይንቲስቶቹ ምን ያህሉ ሥራ እንዳለው ዛሬም ይከራከራሉ። ሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ለፍቶ ያገኘውን እኛ መጨረሻ ላይ መጥተን “የእኛ ነው” ስንል ለዲኑ ክብር የጨመርን አይመስለኝም። ሒክማው የቱ ጋ እንዳለ ለማየት መሥራት ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

እኔን እንደ ኤሌክትሪካል ተማሪ በጣም የማረከኝ የቲማቲሙ ነው። ሰብሎች ከላይ የጠቀስኳቸውን የጥበቃ ፕሮቲኖች የሚሠሩ ዘረመሎች በመቶዎች ይይዛሉ። ሁሉም ሁልጊዜ ነቅተው ቢቆሙ ተክሉ አቅሙን በከንቱ ይጨርሳል፤ አንዳንዴም በራሱ ላይ ይተኩሳል፤ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ተክሉ ማይክሮ አርኤንኤ 482 የሚባል ቤተሰብ አለው፤ 22 ፊደል ብቻ ነው። በሰላሙ ጊዜ እነዚያን የጥበቃ ዘረመሎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርጎ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኬምብሪጅ የወጣ ጥናት ያሳየው ይህን ነው። ጠላት ሲመጣስ? ብዙ ቫይረሶች አርጎናውትና ዳይሰር እንዳይሠሩ የሚያደርግ የራሳቸው ፕሮቲን ይዘው ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚመቱት ይህን የፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ቤቱ ሲመታ ግን 482 አብሮ ይመታል። እሱ ሲጠፋ ደግሞ ተይዘው የነበሩት ጥበቃዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ።

ሊፍት ያጠናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የሊፍት ፍሬን ከፍቶ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ነው። ገመዱን የቆረጠ፣ መብራት ያጠፋ ሰው ፍሬኑን ያጠፋ ይመስለዋል፤ ፍሬኑ ግን መብራቱ ሲጠፋ ነው የሚይዘው። እኛ በመቆጣጠሪያ ሥርዓት ኮርስ ይህን እንደ ትልቅ ብልሃት ነው የተማርነው። ቲማቲም ያውቀዋል። ሱብሐነላህ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ተክሉ እያደገ መዋጋት እንደሚከብደውም ትንሹ አርኤንኤ ራሱ ያሳያል። አራቢዶፕሲስ በምትባል የላብራቶሪ አረም ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደታየው፣ ተክሏ የባክቴሪያውን ጅራት ፕሮቲን ስታውቅ ማይክሮ አርኤንኤ 393ን ታበዛለች፤ እሱም የእድገት ሆርሞኗን የሚቀበሉትን ፕሮቲኖች ይቀንሳል፤ ባክቴሪያውም እንደልቡ መራባት ያቅተዋል። እድገት ለጊዜው ይቆማል፣ አቅሙ ወደ መከላከል ይዞራል። አባቴ ይህን ሲሰማ አልገረመውም። “በሽታ የሚችል ዘር ምርቱ ያንሳል፤ ይህን ማን አያውቅም?” አለኝ።

አሁን ወደ ዋጉ። መንገዱ የአንድ ወገን ብቻ አለመሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ቲማቲምን የሚያበሰብስ ቦትራይቲስ የሚባል ፈንገስ ትንንሽ አርኤንኤዎችን ወደ ተክሉ ሕዋስ ይልካል፣ እነሱም በተክሉ አርጎናውት ላይ ይጫናሉ። የሐሰት ፎቶ ማለት ነው። ጥበቃው በሌባው የተሰጠውን ፎቶ ይዞ የገዛ ባልደረባውን ያስራል። በ2017 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች የስንዴ ቢጫ ዋግ ይህንኑ እንደሚያደርግ አሳዩ፤ የሚልከው ትንሽ አርኤንኤ የስንዴውን አንድ የመከላከያ ዘረመል ይመታል፤ ያ ዘረመል የሚሠራው የፈንገስን ግድግዳ የሚያፈርስ ኢንዛይም ነው። ይህን የዋጉን አርኤንኤ ሲያጠፉበት ዋጉ ስንዴው ላይ ደከመ። ወንድማችን መንገድ ላይ የነገረኝ ይህን ነበር። በሱሪያችን ላይ እናብሰው የነበረው ቢጫ ዱቄት ለካ በዝምታ የሚዋጋ ጦር ነበረው።

ተክሎቹም ዝም አይሉም። ጥጥ ቬርቲሲሊየም የሚባል የሥር ፈንገስ ሲይዘው ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎችን ወደ ፈንገሱ ልኮ የፈንገሱን የማጥቂያ ዘረመሎች እንደሚያዳክም በ2016 ታይቷል። ሁለቱ በአንድ ቋንቋ ይጻጻፋሉ፤ ደብዳቤው 21 ፊደል ነው።

ከዚህ ሁሉ ገበሬ እጅ የገባ ነገር አለ ወይ? አለ። ሃዋይ ውስጥ ፑና የሚባል የፓፓያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1992 የቀለበት ነጠብጣብ ቫይረስ ገባበት፤ ገበሬው ዛፉን እየቆረጠ መጣል ያዘ። ዴኒስ ጎንሳልቬስ የሚባል፣ ራሱ የሃዋይ ልጅ የሆነ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የቫይረሱን የልባስ ፕሮቲን ዘረመል ፓፓያው ውስጥ አስገብቶ “ሬይንቦ” የተባለው ዝርያ በ1998 ለገበሬ ደረሰ፤ የሃዋይ ፓፓያም ተረፈ። ደስ የሚለኝ ነገሩ እንዴት እንደሠራ ነው። መጀመሪያ የታሰበው የሚጠብቀው ፕሮቲኑ ነው ተብሎ ነበር። ኋላ ሲታይ ሥራውን የሚሠራው አርኤንኤው ሆነ፤ ፓፓያው ገና ሲበቅል የሌባውን ፎቶ ይዞ ይበቅላል።

ሌላው መንገድ ዘረመል ሳይነኩ አርኤንኤውን ራሱን እንደ መድኃኒት መርጨት ነው። በጀርመን አገር በ2016 ገብስ ላይ ተሞክሮ ፉዛሪየም የሚባለውን ፈንገስ ቀንሷል። ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት፤ እኔና እሱ ስናወራ ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነው፣ ለ“አርኤንኤ” በሁለቱም ቃል አጣሁለትና “ለዋጉ የሚላክ የሐሰት ትእዛዝ” አልኩት።

“ዝናብ አያጥበውም?” አለኝ።

ተመራማሪዎቹን ዓመታት ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነው። አርኤንኤ ቅጠል ላይ በቀናት ውስጥ ይበላሻል። የኩዊንስላንድ ተመራማሪዎች በ2017 በጣም ደቃቅ የሸክላ ቅንጣት ላይ ለጥፈው ሲረጩት ትምባሆን ከቫይረስ ቢያንስ 20 ቀን ጠብቋል፤ ዝናብም በቀላሉ አላጠበውም። “ሸክላ” የሚለውን ሲሰማ ሳቀ፤ ወዲያው ግን “ዋጉ ይበላዋል ወይ?” ብሎ ሁለተኛውን ጠየቀ። ይህም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከውጭ የተረጨ አርኤንኤን አንዳንድ ፈንገስ በደንብ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይወስድም፤ ለአንዱ የሠራ ለሌላው ይሠራል ማለት አይቻልም። ሦስተኛው “እሱንስ ቢለምደው?” የሚል ነበር። የሚረጨው አርኤንኤ ረጅም ስለሆነ ተክትፎ ብዙ ፎቶ ይወጣዋል፤ ዋጉ እንደ ዲገሉ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ቀይሮ አያመልጥም። ግን የድንች ጥንዚዛ በላብራቶሪ እንዲህ ያለውን ርጭት መልመድ ችላለች። እውነቱን ነገርኩት። “እንግዲያው ዋጋው ስንት ነው?” አለኝ፤ እዚያ ላይ ካርዴ አለቀ።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ከዚያ ወዲህ ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ይበልጥ ጠቅመውኛል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መልስ የሚሰጡት ባዮሎጂስቶች ናቸው። አራተኛው ላይ ግን እኛም ድርሻ ያለን ይመስለኛል። ዛሬ ያለው ፀረ ፈንገስም ሆነ ነገ የሚመጣው ርጭት ውድ የሚሆነው በግምት ሲረጭ ነው። የዋግ ዘር ቅጠል ላይ የሚበቅለው ቅጠሉ ለተወሰኑ ሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ ጤዛው ስንት ሰዓት እንደቆየ የሚለካ ርካሽ ሴንሰር ካለ ገበሬው መቼ እንደሚረጭና መቼ ገንዘቡን እንደሚያተርፍ ያውቃል። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን በዚህ ላይ ልሥራ ብዬ ለአማካሪዬ ጽፌያለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ሰርኪዩቱን እኔ እችለዋለሁ፤ የስንዴ ቅጠልን የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልገኛል። ከእፅዋት ሳይንስ ወይም ከባዮቴክኖሎጂ አብራችሁኝ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ በመስጂዱ ግራ በር በኩል ታገኙኛላችሁ፤ እህቶችም በጀመዓው የትምህርት ክፍል በኩል መልእክት ብትተዉልኝ ይደርሰኛል።